ኤክስተርናሉ ነው የዘገየው ወይስ ገመዱ?

ባለፈው ጥር የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ጓደኛዬ ደወለልኝና «ኤክስተርናሌ ሊሞትብኝ ነው መሰለኝ» አለኝ። የሠርጉና የመልሱ ቀረጻ ተደምሮ 320 ጊጋባይት ሆኗል። ከላፕቶፑ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ኮፒ ሲያደርገው ኮምፒውተሩ ገና ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀራል ይለዋል። በዚያ ሰሞን መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይዝም። መሃል ላይ ከጠፋ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ይባስ ብሎ፣ እየተጻፈበት እያለ ድንገት የተቋረጠ ዲስክ ቀድሞ የነበሩትን ፋይሎችም ሊያበላሽ ይችላል። የሰው ሠርግ ነው፣ ተመልሶ አይቀረጽም።

አዲስ ዲስክ ሊገዛ ወስኖ ነበር። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በየትኛው ገመድ ነው የሰካኸው?» ከዲስኩ ጋር የመጣው አጭር ገመድ የት እንደገባ አያውቅም። የስልኩን ቻርጀር ገመድ ነው የሚጠቀመው፤ ጫፉ ልክ ስለሆነ ገባለት፣ ዲስኩም ተከፈተለት። ሌላ ገመድ ይዤ ሄድኩና ቀየርነው። በሰከንድ 38 ሜጋባይት ሲሄድ የነበረው ወደ 120 ወጣ። ያው ዲስክ፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ፋይል ነው። ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሊፈጅ የነበረው በ45 ደቂቃ አለቀ።

ይሄን የምጽፈው ብዙ ሰው ደህና ዲስክ «ደከመ» እያለ ስለሚጥል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩና ኮምፒውተሩ በስንት ፍጥነት እንደተገናኙ እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሄደ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በቢሾፍቱና በሞጆ ከተማ መሃል የሚያልፈው የድሮው ነው፣ ሌላው የፍጥነት መንገዱ። የፍጥነት መንገዱ ቢዘጋም አዳማ ትደርሳላችሁ፣ ግን በድሮው ነው። የዩኤስቢ 3 ገመድ ውስጥም እንዲሁ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የድሮው ዩኤስቢ 2 የሚሄደው በ4 ሽቦ ነው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ዩኤስቢ 3 ሲመጣ እነዚህ አልተነኩም። ከጎናቸው 5 ተጨመሩና 9 ሆኑ፤ ፈጣኑ መረጃ የሚመላለሰው በተጨመሩት ነው። ዲስኩን ስትሰኩት ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ ፈጣኑ መንገድ ክፍት መሆኑን ይሞክራሉ። ከተሳካ በዚያ ይሄዳሉ። አንዷ ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰች፣ ወይም ገመዱ ውስጥ ጭራሹኑ ፈጣኑ መንገድ ከሌለ፣ በድሮው ይሄዳሉ።

ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚሆነው በዝምታ መሆኑ ነው። ዲስኩ ይታያል፣ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፊልሙ ይጫወታል። ዊንዶውስ አንዳንዴ ጥግ ላይ «ይሄ ዕቃ ከዚህ በፍጥነት መሥራት ይችላል» የሚል መልእክት ያወጣል፤ ሁልጊዜ ስለማያወጣው ግን አትመኩበት። ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለው ነገር ብዙ ነው። ዲስኩ ራሱ አለ፣ በሳጥኑ ውስጥ ዲስኩን ወደ ዩኤስቢ የምትቀይር ትንሽ ሰሌዳ አለች፣ ገመዱ አለ፣ ካለ ደግሞ ማከፋፈያ ሀብ፣ መጨረሻ ላይ የኮምፒውተሩ ፖርት፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ። ከነዚህ ውስጥ አንዱ ዩኤስቢ 2 ከሆነ ሌሎቹ የፈለገውን ያህል ፈጣን ቢሆኑ ዋጋ የለውም።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ሳጥን ላይ የሚጻፈው በቢት ነው፣ ኮምፒውተሩ ኮፒ ሲያደርግ የሚያሳያችሁ ደግሞ በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በፈረንጆቹ 2000 የወጣው ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ይላል፤ ለ8 ሲካፈል 60 ሜጋባይት ይሆናል። ከዚያ ላይ ሁለቱ ወገኖች ላክሁ፣ ደረሰኝ፣ ቀጥል ሲባባሉ የሚሄድ ጊዜ አለ። በእጅ የሚገባው ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 5 ጊጋቢት ነው። እሱን ለ8 ሳይሆን ለ10 አካፍሉት፤ ምክንያቱም በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ 8 ቢት በ10 ቢት ተጠቅልሎ ነው የሚላከው። 500 ሜጋባይት ይመጣል፣ በተግባር ከ400 እስከ 450 ታገኛላችሁ። 10 ጊጋቢት የሚለው በተግባር ወደ 1,000 ሜጋባይት ይጠጋል።

እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ሰው ምንም ፕሮግራም ሳይከፍት ግማሹን መልስ ያገኛል። አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጉና ፍጥነቱን ተመልከቱ። 38፣ 39፣ 38፣ 40 እያለ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ግራፉም እንደ ማስመሪያ ከተጋደመ፣ የዩኤስቢ 2 ጣሪያ ላይ ነው የደረሳችሁት። የደከመ ዲስክ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እሱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ይሄ ልዩነት ለእኔ ከሁሉም ምልክት የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ግን በግምት አትቁሙ፣ ኮምፒውተሩን ራሱን ጠይቁት።

ማክ ያላችሁ ሰዎች ቀላል ነው። ኦፕሽን የምትለዋን ቁልፍ ተጭናችሁ በማያ ገጹ ግራ ጥግ ያለችውን የአፕል ምልክት ንኩ፣ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚል ይመጣል። እሱን ክፈቱና በግራ በኩል ዩኤስቢ የሚለውን ምረጡ። ዲስካችሁ በስሙ ይታያል፣ ስትነኩት ዝርዝሩ ውስጥ ስለ ስፒድ የሚናገር መስመር አለ። 480 ሜጋቢት ካለ በድሮው መንገድ ነው ያላችሁት። 5 ወይም 10 ጊጋቢት ካለ ግንኙነቱ ደህና ነው።

ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሾቹ (ካፒታል ባልሆኑት) አያይዛችሁ ጻፉ፣ ክፍተት ተዉ፣ ከዚያ ሰረዝና ትንሿን ቲ ጨምሩ። የተሰካው ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ይመጣል፣ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይም ፍጥነቱ አለ። 480፣ 5000፣ 10000 ይላል፣ በሜጋቢት ነው። የዛፉ አቀራረብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዲስኩ በየትኛው ሀብ በኩል እንደመጣ ያሳያል።

ዊንዶውስ ትንሽ ያስቸግራል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ብትፈልጉ ዕቃው ይታያል እንጂ የተገናኘበትን ፍጥነት በግልጽ የሚናገር ቁጥር አታገኙም። ብዙዎች እዚያ ውስጥ ዩኤስቢ 3 የሚል ጽሑፍ ያዩና ደህና ነው ብለው ይዘጉታል። ያ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ዩኤስቢ 3 እንዳለው ነው የሚናገረው፣ ዲስካችሁ በዚያ መገናኘቱን አይደለም። እኔ የምጠቀመው ዩኤስቢ ዲቫይስ ትሪ ቪወር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፤ መጫን አያስፈልገውም፣ አውርዶ መክፈት ብቻ ነው። ዲስኩን ከዝርዝሩ ፈልጋችሁ ስትነኩት ዲቫይስ ባስ ስፒድ የሚል መስመር ታያላችሁ። ሃይ ስፒድ ካለ 480 ሜጋቢት ነው። ሱፐር ስፒድ ካለ 5 ጊጋቢት፣ ሱፐር ስፒድ ፕላስ ካለ 10 ወይም ከዚያ በላይ ነው። «ሃይ» የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ። በ2000 ዓመት ነው የተሰየመው፣ ያኔ ከፊቱ የነበረው 12 ሜጋቢት ስለነበር እውነትም ከፍተኛ ነበር።

480 አያችሁ እንበል። አሁን አንድ በአንድ መቀየር ነው፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ አትቀይሩ። ሁለቱንም ከቀየራችሁ የትኛው ጥፋተኛ እንደነበር አታውቁም።

መጀመሪያ ነቅላችሁ እንደገና ስኩት፣ ይሄን ጊዜ ግን ሳትፈሩ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። በኮምፒውተሩ በኩል ባለው የቀድሞው አራት ማዕዘን ሶኬት ላይ ቀስ እያላችሁ ስትሰኩ የድሮዎቹ መገናኛዎች ቀድመው ሊነካኩ ይችላሉ፣ ኮምፒውተሩም ዩኤስቢ 2 ነው የመጣው ብሎ በዚያው ይቀጥላል። ፈጣኑ መንገድ በኋላ ቢገናኝም አንዳንዴ ተመልሶ አይሞክርም።

ካልተለወጠ ወደ ገመዱ ሂዱ። እኔ ባየሁት በብዛት ጥፋተኛው እሱ ነው። በተለይ ታይፕ ሲ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተወሳስቧል። ታይፕ ሲ የሶኬቱ ቅርጽ ስም ነው፣ ስለ ፍጥነቱ ምንም አይነግራችሁም። ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ ቀለማቸውም ጫፋቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ 480 ሜጋቢት፣ ሌላው 40 ጊጋቢት ሊሆን ይችላል። ከስልክ ጋር የሚመጡ የቻርጀር ገመዶች ብዙዎቹ ዩኤስቢ 2 ናቸው። የተሠሩት ኃይል እንዲያደርሱ ስለሆነ ፈጣኖቹ ሽቦዎች ውስጣቸው የሉም። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ለዚያ ስላልተሠሩ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉት ኤክስተርናሎች ደግሞ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ መሃሉ ላይ የተከፈለ የሚመስል ሶኬት አላቸው። እዚያ ላይ የድሮውን ቀጭን የስልክ ማይክሮ ገመድ በአንደኛው ክፍል ላይ ብትሰኩት ይገባል፣ ይሠራልም፣ ግን በዩኤስቢ 2 ነው። ያ ሰፊ ሶኬት በቀላሉ ይላላል፤ ዲስኩን በገመዱ አንጠልጥላችሁ አትያዙት።

ቀጥሎ ፖርቱ። ሰማያዊ ቀለም ያለው ዩኤስቢ 3 ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ሰማያዊ ያልሆኑ ብዙ ፈጣን ፖርቶች አሉ፣ በተለይ ላፕቶፖች ላይ ጥቁር ነው የሚሆኑት። ከቀለሙ ይልቅ ጎኑ ላይ የኤስኤስ ምልክት ወይም 5 ወይም 10 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያለውን ትታችሁ ከኋላ ሞክሩ። የፊቶቹ በውስጥ ገመድ ነው ከማዘርቦርዱ፣ ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ጋር የሚገናኙት፤ ያ ገመድ ወይ ዩኤስቢ 2 ይሆናል፣ ወይ ሰው ሲጠግነው ሳይሰካ ይረሳዋል።

ሀብና ማራዘሚያ ካለ አውጡት። ሀብ ላይ የተሰኩት ሁሉ አንዱን መንገድ ይካፈላሉ፣ ሁለት ዲስክ ሰክታችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትገለብጡ ደግሞ ይብሳል። ኃይሉም ይደክማል። ዩኤስቢ 2 ፖርት እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900 እንዲሰጥ ነው የተደነገገው። የሚሽከረከር ዲስክ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። በረጅም ማራዘሚያ ወይም የራሱ ኃይል በሌለው ሀብ ላይ ሲሆን ቀጭ ቀጭ እያለ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ሰውም ተበላሸ ብሎ ያዝናል። ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ስኩትና ድምፁን እንደገና ስሙት።

በነገራችን ላይ፣ ኤክስተርናሉን ስትሰኩ ሽቦ አልባው ማውስ መንቀርፈፍ ከጀመረ ማውሱ አልተበላሸም። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል፤ ኢንቴል በ2012 ይሄንን ለክቶ አሳትሞታል። የማውሱን መቀበያ ከዲስኩ ራቅ አድርጋችሁ በሌላ በኩል ስኩት።

አንዳንዴ ደግሞ ግንኙነቱ 5 ጊጋቢት ይላል፣ ኮፒው ግን አሁንም ቀርፋፋ ነው። ያኔ መንገዱ ነፃ ወጣ ማለት ነው፣ ጥያቄው ወደ ዲስኩ ዞረ። እዚህ ላይ ከምን ዓይነት ዲስክ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ማወቅ ይበጃል። በኪስ የሚያዘው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ባዶ ሲሆን በሰከንድ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት ይሄዳል። ሲሞላ ወደ ውስጠኛው ክብ ይገባል፣ እዚያ ክቡ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ዙር የሚያልፈው መረጃ ያንሳል፣ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይሄ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ለሚሽከረከር ዲስክ 5 ጊጋቢት ከበቂ በላይ ነው፤ 10 ጊጋቢት የሚል ገመድ ብትገዙለት አንድ ሜጋባይት አይጨምርም። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዲስክ፣ ግን ይጠቀምበታል።

የፋይሉ ዓይነትም ወሳኝ ነው። 10 ጊጋባይት የሆነ አንድ ቪዲዮና በድምሩ 10 ጊጋባይት የሆኑ አምስት ሺህ ፎቶዎች እኩል አይሄዱም። ለእያንዳንዱ ፎቶ ዲስኩ ስም መመዝገብ፣ ቦታ መፈለግ፣ መርፌውን ማንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ ፍጥነት ስትለኩ በትናንሽ ፋይሎች አትለኩ። ከ5 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ውሰዱ፣ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ አስነሱ፣ መጠኑን ለሰከንዱ አካፍሉ። 6,000 ሜጋባይት በ150 ሰከንድ ካለቀ 40 ነው፣ በ50 ሰከንድ ካለቀ 120 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች አትመኑ። ዊንዶውስ መጀመሪያ ወደ ሜሞሪው ይቀበልና ወደ ዲስኩ እየሄደ ያለ ያህል ትልቅ ቁጥር ያሳያችኋል፣ እውነተኛው ፍጥነት ቁጥሩ ወርዶ ሲረጋ የምታዩት ነው። ኤስኤስዲም እንዲሁ መጀመሪያ የሚቀበልበት ፈጣን ክፍል አለው፣ ያ ሲሞላ ይቀንሳል። ይበልጥ የተጣራ ልኬት ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ማርክ፣ ማክ ላይ ብላክማጂክ ዲስክ ስፒድ ቴስት የሚባሉት ነፃ ናቸው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለውና ቀጥታ ተሰክቶም ካልተወው፣ ወይም ፋይል ሲከፈት ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ የፍጥነት ልኬቱን ተዉት። ልኬት ዲስኩን ያደክመዋል። መጀመሪያ የልጆቻችሁን ፎቶ፣ የወላጆቻችሁን ቪዲዮ፣ ሌላ ቦታ የሌለውን ነገር አውጡ።

ስትገዙም ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የምታዩት። ያ 5 ጊጋቢት የሆነው ዩኤስቢ 3.0 በኋላ 3.1 ጄን 1 ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ 3.2 ጄን 1 ተባለ። ሦስቱም አንድ ናቸው። ሳጥኑ ላይ 3.2 የሚል አይታችሁ አዲስ ነው ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ፤ 5 ነው ወይስ 10 ነው ወይስ 20 በሉ። 20 የሚለው ላይ ደግሞ ቆም በሉ። ይሄንን ፍጥነት የሚቀበሉ ኮምፒውተሮች ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹ ማኮች ላይ ብትሰኩት በ10 ነው የሚሄደው። ፍላሽ ላይ 3.0 የሚል ጽሑፍም ብዙ አይነግራችሁም። ሲነበብ ፈጣን ሆኖ ሲጻፍበት 10 እና 20 ሜጋባይት ላይ የሚንፏቀቅ ብዙ አለ። ዋጋው በጣም ወርዶ መጠኑ ግን ብዙ ቴራባይት የሚል ኤስኤስዲ ካያችሁ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ስኩት። የሐሰተኞቹ ሆድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ሜሞሪ ካርድና ዩኤስቢ 2 ሰሌዳ ነው ያለው፣ በገመዱ ደህናነት እርግጠኛ ከሆናችሁና አሁንም 480 ካለ አትክፈሉ።

ጓደኛዬ አሁን ፈጣኑን ገመድ ጫፉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ጠቅልሎበታል። ከዲስኩ ጋር በአንድ ቦርሳ ነው የሚያድረው፣ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ማንም አይወስደውም።